ድሪቶ የሰፋንበት ክረምት



«ድሪቶ» የሚለው ቃል በአገራችን ክብር ያለው ቃል አይደለም። የተጣጣፈ ልብስ የለበሰ ሰው ስናይ ድህነቱን እንጂ የሰፋችለትን እጅ አናስብም። እናቶቻችን ግን ያረጀ ቀሚስም ሆነ የተቀደደ ነጠላ አይጥሉም ነበር። እራፊን ከእራፊ ገጥመው፣ በመካከሉ ባዘቶ አነባብረው፣ ለብርድ የሚሆን ልብስ ያወጡለት ነበር። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) የሙእሚኖች መሪ ሆነው ሳለ በትከሻዎቻቸው መካከል በሦስት እራፊ የተጣፈ ልብስ ለብሰው እንዳዩዋቸው አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) መናገራቸው በኢማሙ ማሊክ ሙወጦእ ተመዝግቧል። እንግዲህ የተጣፈ ልብስ የሚያሳፍር አለመሆኑን ለማወቅ ሌላ ምስክር አያስፈልገንም።

እኛ በልጅነታችን ጧት በመድረሳ፣ ከሰዓት በኋላ በቀለም ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን የተማርን አምስት ጓደኛሞች ነን። አራታችን እዚሁ ደሴ ስንኖር አምስተኛዋ ጂዳ በሰው ቤት ሥራ ላይ ናት። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ የክረምቷ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ጊዜ ስናገኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዙህር ሶላት በኋላ እየተሰባሰብን እንደ እናቶቻችን ድሪቶ ለመስፋት ተስማማን።

አንዷ ትቆርጣለች፣ ሁለቱ ይሰፋሉ፣ አንዷ ቡና ታፈላለች። ስልኩ ከረከቦቱ አጠገብ ይቀመጣል። የጂዳዋ ጓደኛችን ድምጿን ቀድታ የላከችልንን የምንከፍተው ቡናው አቦል ሲል ነው። የእኛና የጂዳ ሰዓት አንድ ቢሆንም እርሷ እጇ ከሥራ የሚያርፈው ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ በመሆኑ፣ ሌሊት የተናገረችውን እኛ በቀን እንሰማለን። አንድ ቀን የከብሳ አሠራር ላከችልን። ሥጋውን በሽንኩርት፣ በሄል፣ በቀረፋና በቅርንፉድ መቀቀል፣ ሲበስል ማውጣት፣ ከዚያም ሩዙን በዚያው መረቅ ማብሰል ነው። እኛ መረቁን አብዝተን ሩዙን ገንፎ አደረግነው። ይህን ስንነግራት የሳቀችው ሳቅ እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም።

በእናቶቻችን ዘመን እንዲህ ያለው ወሬ በካሴት ተቀድቶ፣ በሐጅ ተመላሽ እጅ ተልኮ፣ ከወር በኋላ ይደርስ ነበር። ሲደርስም ጎረቤት ተጠርቶ ደጋግሞ ይደመጥ ነበር። የእኛ በቅጽበት ይደርሳል፤ እኛ ግን በወጉ አላዳመጥነውም። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ወሬያችን ቀስ በቀስ የዕቃ ዝርዝር ሆኖ ነበር። አንዷ ዐባያ፣ አንዷ ሽቶ፣ አንዷ ለልጇ ጫማ እንጠይቃለን። «እንዴት ነሽ?» ብለን መልሱን ሳንጠብቅ ወደ ጉዳያችን እንገባለን። እርሷም ሁልጊዜ «አልሐምዱ ሊላህ፣ ደህና ነኝ» ትላለች።

ከዚያ ድምጿ ጠፋ። አንድ ቅዳሜ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፣ ሦስተኛውም አለፈ። እኛም መርፌያችንን እንደያዝን ማማት ጀመርን። «ገንዘብ ሲያገኙ ሰው ይረሳሉ» አልን። ሐሜት የሞተ ወንድምን ሥጋ እንደመብላት መሆኑን ለልጆች እያስተማርን፣ የገዛ ጓደኛችንን ሥጋ ከቡና ቁርስ ጋር በላነው።

ከመካከላችን አንዷ ዝም ብላ ትሰፋ ነበር። እርሷ በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከተመለሱት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን አንዷ ናት። አንድ የልብስ ሻንጣ ብቻ ይዛ ነበር የገባችው። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ፣ «እኔም እዚያ ሳለሁ ለእናቴ ደህና ነኝ እል ነበር፤ ስድስት ወር ሙሉ ደመወዜን ሳላገኝም ደህና ነኝ እል ነበር። ለመሆኑ ዘንድሮ ከእናንተ መካከል ዕቃ ሳትጠይቅ የደወለችላት ማን ናት?» አለችን። የመለሰ አልነበረም።

ያን ዕለት ማታ፣ «እህታችን፣ ከአንቺ ምንም አንፈልግም፤ ድምፅሽ ናፍቆን ነው፤ በደልንሽ፣ ዐውፍ በይን» ብለን ላክንላት። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ መለሰች። እያለቀሰች ነበር። ደመወዝ ካገኘች አራት ወር አልፏታል። የጠየቅናትን መግዛት ስላልቻለች አፍራ ነበር ዝም ያለችው። በመጨረሻም፣ «እናቴን ብቻ እዩልኝ፤ ብር ከላክሁላት ቆየሁ» አለች።

የእናቷ ቤት ከእኛ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ከዒድ ወዲህ ግን ደጃቸውን አልረገጥንም። ስለ ጂዳ የአየር ሁኔታ እናውቅ ነበር፤ በሰፈራችን አንዲት እናት በስስ ጋቢ ተጠቅልለው ሲያስሉ እንደሚያድሩ ግን አናውቅም ነበር።

በማግስቱ ሾርባ ሠርተን ሄድን። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በግ ባረዱ ጊዜ ከሥጋው ለሟች ባለቤታቸው ለኸዲጃ (ረ.ዐ.) ጓደኞች ይልኩ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነግረውናል። ባለቤቲቱ ካለፉም በኋላ ጓደኝነታቸው በድስት ይታወስ ነበር ማለት ነው። እኛ ጓደኛችን በሕይወት ሳለች ለእናቷ አንድ ሳህን አልላክንም።

እሳቸው ግን አልወቀሱንም። «ድምጿን ብቻ አሰሙኝ» አሉን። ለቅሶዋን ልናሰማቸው ስላልደፈርን የከብሳውን ከፈትንላቸው። እስከ መጨረሻው በጸጥታ ካዳመጡ በኋላ፣ «ሩዝ ደግሞ ምግብ ሆነና ያስተምሩታል!» ብለው ሳቁ። እንደገና ክፈቱልኝም አሉን።

ድሪቶው ነሐሴ ሳያልቅ አለቀ። መካከሉ ላይ ጓደኛችን ጂዳ በገባች በመጀመሪያው ዓመት የላከችልን ሰማያዊ ሻሽ አለበት። ለማን እንደሚሆን መነጋገር አላስፈለገንም፤ ወስደን እናቷን አለበስናቸው። ጓደኛችን እስካሁን የሁለት ወር ደመወዟን አግኝታለች። ቀሪውን እየጠየቀች ነው፤ እኛም በዱዓ አልተለየናትም።

በሱረቱ አን-ነሕል 92ኛ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ክሯን አጠንክራ ከፈተለች በኋላ መልሳ እንደበጣጠሰችው ሴት እንዳንሆን ያስጠነቅቀናል። አንቀጹ የሚናገረው ስለ ቃል ኪዳን ነው። ጓደኝነትም የራሱ ቃል አለው። እኛ በመድረሳ የፈተልነውን ክር በዐባያና በሽቶ ልንበጥሰው ጥቂት ቀርቶን ነበር።

ውድ አንባቢያን! በባዕድ አገር የምትደክም እህት፣ ልጅ ወይም ጓደኛ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ስትደውሉላት «እንዴት ነሽ?» በሉና መልሱን ጠብቁ። «ደህና ነኝ» ካለችም አንድ ጊዜ ደግማችሁ ጠይቁ። ስልኩን ከዘጋችሁ በኋላ ደግሞ ተነሥታችሁ የእናቷን በር አንኳኩ።

አላህ በሩቅ ያሉትን ይጠብቅልን፤ በቅርብ ያሉትን የምናይበት ዓይን ይስጠን። አሚን!