ሁሉም ገበያ የእኛ አይደለም



በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሙስሊም ቤተሰብ ላደግን ልጆች ንግድና ሽመና ከአያት የወረስናቸው ናቸው። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት በአካባቢያችን ሙስሊሙ በአብዛኛው ርስት ስላልነበረው፣ የቤት ቀለቡ የሚመጣው ከመወርወሪያና ከሚዛን ነበር። ስለዚህ «አትስነፉ» የሚል ምክር ብዙም አያስፈልገንም። የሚያስፈልገን የትኛው ድካም ፍሬ እንዳለው መለየት ነው።

ታች ጋይንት ውስጥ ዓርብ ገበያ የምትባል ከተማ አለች። ስሟ የገበያ ቀን ነው፤ ያው ቀን ደግሞ ጁሙዓ ነው። ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ? ሱረቱል ጁሙዓ አንቀጽ 9 እና 10 መልሱን ሰጥቶናል። ለሶላት ሲጠራ መሸጥ መግዛቱ ይቆማል፤ ሶላቱ ሲያበቃ ሰው ሪዝቁን ፍለጋ ይበተናል። ገበያው አልተከለከለም፤ ልክ ተበጀለት።

እኛም ጨርቅ በአይሱዙ ጭነን ገበያ ለገበያ ስንዞር፣ ለአንድ ወር የየገበያውን ሒሳብ ለየብቻ በደብተር ያዝን። ከሁሉም የሚርቀው ገበያ በቀን 800 ብር ያተርፋል። ከዚያ ላይ ለመኪና 300፣ ለመጫኛና ማውረጃ 150፣ ለምግብ 150፣ ለቦታ 100 ብር ሲቀነስ እጃችን ላይ የሚቀረው 100 ብር ነው። ቤት የምንደርሰው ደግሞ ከዒሻ በኋላ፣ ልጆች ተኝተው ነው። ያንን ገበያ ተውነው። ቀኑን ለቤተሰብና ለዕረፍት አደረግነው፤ የቤቱ ወጪም አልጎደለም፣ አልሐምዱሊላህ።

በከተማ ደመወዝ እየበላችሁ ማታ ማታ በቴሌግራም ዕቃ የምትሸጡም ይህንኑ ሒሳብ ሞክሩት። የገባውን ብር ብቻ ሳይሆን የወጣውን ብር፣ ያለፈውን ሶላትና የጠፋውን እንቅልፍ አብራችሁ ጻፉ። ጥሩ የሚያስገኘውን ሥራ አጥብቃችሁ ያዙ፤ የሚያደክም ብቻ ከሆነ ልቀቁት።

ሰልማን አል-ፋሪሲ፣ ቀን በጾም ሌሊት በሶላት ራሱን ያደክም የነበረውን አቡ ደርዳእን፣ ከጌታው ሌላ ነፍሱና ቤተሰቡም ሐቅ እንዳላቸው አስታውሶት ነበር። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) የሰልማንን ንግግር እውነት ነው ብለዋል። ለዒባዳ እንኳ ልክ ከተበጀለት፣ ለገበያ እንዴት አይበጅለት?

አላህ በሐላሉ በረካ ያድርግልን፤ ለሁሉም ሐቁን የምንሰጥ ያድርገን። አሚን!