ከየካ ተራራ እስከ መልካ ቁንጡሬ

በአዲስ አበባ ምሥራቅ፣ በየካና በቦሌ ከምንኖር ቤተ ሰቦች መካከል በደጃችን የሚያልፈው ወንዝ ከወዴት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ውሃው ግን ታላቅ ዘመድ አለው። ከእንጦጦና ከየካ ተራሮች የሚወርዱት ጅረቶች፣ ቀበናም ጭምር፣ በትልቁ አቃቂ ይሰበሰባሉ፤ አቃቂም አባ ሳሙኤልን አልፎ ከአዋሽ ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ፣ ባሕር ሳይደርስ፣ በአፋር ምድር ከአቤ ሐይቅ ይገባል።

ጕዟችንን ከላይ እንጀምር። በየካ ተራራ ላይ ከአንድ ዐለት የተፈለፈለው የዋሻ ሚካኤል ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ይገኛል። ትውፊት ዘመኑን ወደ አብርሃና አጽብሓ ይመልሰዋል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቈርቈሯ አስቀድሞ በዚህ ተራራ የሚጸልዩ፣ ዐለት ጠርበው የሚያንጹ ሰዎች እንደ ነበሩ ድንጋዩ ራሱ ይመሰክራል።

ከከተማው ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብንሄድ ደግሞ አዋሽ ዳር መልካ ቁንጡሬን እናገኛለን። በእንግሊዛውያን አቈጣጠር በ1963 ሆላንዳዊው የውሃ ባለሙያ ዤራር ዴከር የጥንት ሰዎችን የድንጋይ መሣሪያ በዚያ አየ፤ ከ1965 ጀምሮም ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ቍፋሮውን መራ። ሰዎቹ ስለት የሚያወጡበትን ጥቍርና አንጸባራቂ ድንጋይ ያመጡት በአቅራቢያው ካለው ስፍራ ነበር፤ የስፍራውም ስም እንደ ድንጋዩ ባልጩት ነው። በዚሁ መልካ፣ ጎምቦሬ በሚባለው ቦታ፣ 700,000 ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው የእግር ዱካ ተገኝቷል፤ ከአዋቂዎቹ ዱካ አጠገብ የትናንሽ ልጆች ዱካ አለ። ወላጆች ሥራቸውን ሲሠሩ ልጆቻቸው አብረዋቸው በውሃው ዳር ነበሩ ማለት ነው። መልካ ቁንጡሬና ባልጩት በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። በታችኛው አዋሽ፣ በሐዳር፣ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችው ድንቅነሽም ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ሆኖ የዚሁ ወንዝ ልጅ ናት።

ምድር ይህን ሁሉ አደራ ጠብቃ ያቈየችው ደለልና የእሳተ ገሞራ ዐመድ አልብሳ ነው። እኛስ ለሚመጣው ትውልድ በዚያው ደለል ምን እያኖርን ነው? የፋብሪካና የቆዳ መልፈጊያ ፍሳሽ፣ የመጸዳጃ ቤት እድፍ፣ የላስቲክ ቍርጥራጭ። በአቃቂ ውሃ የሚለማው ጎመንና ሰላጣ ወደ ከተማው ገበያ ተመልሶ ይመጣል፤ ተመራማሪዎችም በአትክልቱ ውስጥ ከባድ ማዕድናት አግኝተዋል። እንግዲህ ከድልድዩ ላይ የጣልነው በማዕዳችን ላይ ይመለሳል። በአባ ሳሙኤል ሐይቅም ላይ እንቦጭ ተንሰራፍቷል።

መንግሥት በ2011 ዓ.ም. ከእንጦጦ እስከ አቃቂ የሚደርስ የ56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር ልማት ጀምሯል፤ መልካም ነው። ዳር ቢያምር ግን ውሃው ካልጠራ ሥራው ግማሽ ነው፤ የውሃው መጥራት ደግሞ ከየቤቱ ይጀምራል። በጥምቀት በዓል ታቦታቱን አጅበን ወደ ውሃ የምንወርድ ሕዝብ፣ በቀሩት ቀኖች ውሃን እንደ ጕድፍ መጣያ ልንቈጥረው አይገባንም።

ስለዚህ አባቶችና እናቶች ሆይ፣ ልጆቻችሁን በበዓል ቀን ወደ የካ ተራራ አውጧቸው፤ ሲመቻችሁም መልካ ቁንጡሬ ድረስ ውሰዷቸው። የሌሎች ልጆች ዱካ እስከ ዛሬ እንደ ተጠበቀ ያየ ልጅ፣ ወንዝ የጋራ አደራ መሆኑን ከእኛ ቃል ይልቅ ከምድሪቱ ይማራል።