መኪና የሚያረጀው ላቫጆ ላይ ነው

ዛሬ የምጽፈው ስለ ፈተናም ስለ ደመወዝም አይደለም፤ ስለ መኪና እጥበት ነው። መኪና የለኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው "ቲቸር፣ መቼ ገዛህ?" የሚለውን ኮመንት ከወዲሁ ለማስቀረት ነው። ግን አምቦ ውስጥ መኪና አጥበው ከሚያድሩት ልጆች ብዙዎቹን አስተምሬያቸዋለሁ፣ የማስተምረውም ኬሚስትሪ ነው። ስለዚህ ነገሩ በሁለት በኩል ይመለከተኛል። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ፣ በመላ አገሪቱ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት የት ገቡ? ሬሜዲያል የደረሰው ደረሰው። ሌላው ባጃጅ ላይ ነው፣ ሌላው አዲስ አበባ ሕንፃ ላይ ነው፣ ሌላውን ደግሞ ሁሉቃ ዳር ባልዲ ይዞ ታገኙታላችሁ። እኔ አሳፋሪ ሥራ ነው ብዬ አላምንም። የሚያበሳጨኝ ሥራው ዕውቀት የማይፈልግ ተደርጎ መታየቱ ነው። ባለመኪናውም ልጆቹም እንደዚያ ስለሚያስቡ ነው ሁለቱም የሚከስሩት።

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ሦስት ልጆች እያለከለኩ ቤቴ መጡ። አንድ ደንበኛቸው የውሃ ፓምፓቸውን በመያዣ ወስዶባቸዋል። "ጥቁር ሰማያዊ ኮሮላዬን አበላሻችሁ፣ ኮፈኗንና ጣሪያዋን ካላስቀባችሁ ፓምፑን አታገኙም" ብሏል። ኮፈንና ጣሪያ ማስቀባት ማለት ለሦስቱ የወራት ገቢ ነው። ፓምፑ ከሌለ ደግሞ ገቢ የለም።

ሽምግልና ተቀመጥን። እኔ፣ አንድ የሰፈር ሽማግሌና አንድ ረጅም ዘመን የሠራ የመኪና ቀለም ቀቢ። ባለመኪናው በዕድሜ አባቴን የሚያህሉ ጡረተኛ ናቸው፣ ጋሼ ልበላቸው። "እነዚህ ልጆችህ መኪናዬን ላጡኝ" አሉ። መኪናዋን ፀሐይ ላይ አስወጣናት። እውነትም ኮፈኗ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ሞልቷል። ጣሪያዋ ደግሞ ጉም የለበሰ ይመስላል፣ ነጣ ብሏል።

ቀለም ቀቢው ጣቱን በምራቁ አርሶ ጣሪያውን አሸት አደረገ። እርጥቡ ቦታ ላይ ቀለሙ ተመለሰ፣ ሲደርቅ እንደገና ነጣ። "ይሄ የአንድ ቀን እጥበት አይደለም፣ የዓመታት ፀሐይ ነው" አለ። የኮፈኑ ጭረት ግን የጨርቅ ነው። የማን ጨርቅ? እዚህ ላይ ነገሩ ተወሳሰበ። ልጆቹ በአሮጌ ቲሸርት እንደሚያጥቡ አመኑ። ግን የጋሼ ዘበኛም በየማለዳው አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ሲወለውል ኖሯል፤ ጋሼ ይህን የነገሩን በኩራት ነው፣ "አንድ ቀን አቧራ ለብሳ አድራ አታውቅም" ብለው። የዱቄት ሳሙናውንም ይዘው የሚመጡት ራሳቸው ጋሼ ናቸው፣ አረፋው በደንብ እንዲበዛ።

እንግዲህ የክፍል ውስጥ ነገር ላውራ። የመኪና ቀለም አንድ ንብርብር አይደለም። ከቆርቆሮው ላይ ዝገት መከላከያ አለ፣ ከዚያ ቀለሙ፣ ከቀለሙ በላይ ደግሞ ቀቢዎች ክሊር የሚሉት ግልጽ ሽፋን። ሁሉም ተደምሮ ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ክሊሩ ብቻውን ከፀጉር ዘለላ ይቀጥናል። አሮጌዎቹ፣ እነ ዲኤክስ፣ ብዙዎቹ ክሊር የሚባል ነገር የላቸውም። ስትወለውሏቸው ጨርቁ ቀይ ወይም ሰማያዊ ሆኖ የሚወጣው ለዚህ ነው። ቆሻሻ እየወጣ አይደለም፣ ቀለሙ እየወጣ ነው።

ይህን ስስ ነገር ምን ይበላዋል? አንደኛ ፀሐይ። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ላይ በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስለናል እንጂ ቀለሙን ይጎዳል።

ከዚያ አቧራ። አቧራ ውስጥ ያለው አሸዋ አብዛኛው ኳርትዝ ነው፤ ኳርትዝ መስታወት ይጭራል፣ ቀለምማ ምን አላት። በደረቁ ስትወለውሉ አቧራውን እያነሳችሁት አይደለም፣ ብርጭቆ ወረቀት እያሻችሁበት ነው። ወደ ሙገር ለሲሚንቶ የምትመላለሱ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ዕዳ አለባችሁ። የሲሚንቶ ብናኝ ከጤዛ ጋር ተገናኝቶ ካደረ ይጠነክራል፣ ቤዝነቱም ቀለሙን ይበላል። ሳይነኩ ብዙ ውሃ ማፍሰስ ነው መድኃኒቱ፣ በዚያው ቀን።

የልብስ ዱቄት ሳሙናም (በእኛ አፍ ሁሉም ኦሞ ነው) ቤዝ ነው። የተሠራው ከሸሚዝ አንገት ላይ ቅባት ለማላቀቅ ነው። መኪናው ላይ የተቀባው ሰምም የቅባት ዘመድ ነው፤ ሳሙናው መከላከያ ነው ብሎ አይምረውም። የወፍ ኩስ ደግሞ በተቃራኒው አሲድነት አለው። ዛፍ ሥር ማቆም ጥሩ ነው፣ ግን ማታ ማታ ወፍ የሚያድርበትን ዛፍ ለዩ።

ውሃውንም እንዳልረሳ። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ሶዲየም፣ ባይካርቦኔት ይላል። መኪና በአምቦ ውሃ እጠቡ የሚል ሰው የለም፣ ዋጋውም አያስችልም፤ ግን የምታጥቡበት የጉድጓድ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ከሆነ ኮፈን ላይም ያንኑ ይተዋል። ፀሐይ ላይ ታጥቦ በራሱ የደረቀ መኪና ላይ የምታዩት ነጭ ክብ ነጥብ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ገና ትኩስ ከሆነ በውሃ የቀጠነ አቼቶ ያነሳዋል፣ ወዲያው በደንብ ማለቅለቅ ግን ግድ ነው።

"ታዲያ ቀለም ቢነጣስ ምን አለበት፣ ሞተሩ ይሥራ" የሚል አይጠፋም። ደላላ ጠይቁ። መኪና ሊያይ ሲመጣ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት የሚጠይቀው "ቀለሟ ኦሪጅናል ነው?" ብሎ ነው። እንደገና የተቀባ ከሆነ ተጋጭቷል ብሎ ይጠረጥራል፣ ዋጋው ይወርዳል። በዚያ ላይ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደው፣ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ጭራሽ እንዳይገባ ተከለከለ። ጋሼ ያቺን ኮሮላ ቢያጡ ሌላ አይገዙም። ጡረታቸው ማለት እሷ ናት፤ የተቆጡት ለዚህ መሆኑን ልጆቹ የገባቸው ሽምግልናው ላይ ነው።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። ፓምፑ በዚያው ቀን ተመለሰ። ማስቀባት የሚባለው ቀረ። ቀለም ቀቢው ኮፈኑን በስሱ ፖሊሽ አደረገላቸው፤ ከክሊሩ ትንሽ ስለሚበላ በየጊዜው አይደረግም አለ። የጣሪያው ግን ሞቷል፣ ተስፋ አትስጧቸው አለን በጆሮአችን። ጋሼ ሰም ገዙ፣ ልጆቹ ደግሞ ለሦስት ወር በነጻ ሊያጥቡ ተስማሙ፣ በአዲሱ አስተጣጠብ። እኔ ነጻው ለጋሼ በዛ ባይ ነበርኩ፣ ግን ሽማግሌው "ሰላም በርካሽ አይገኝም" ብለው ዘጉት።

ሰም ስንል አንዱ ልጅ የጠየቀኝን ጥያቄ ልንገራችሁ። "ቲቸር፣ ሰም ከሆነማ እናቴ ጠጅ ስትጥል የሚተርፈው ሰፈፍ አይሆንም?" ክፍል ውስጥ እያለ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም! አገራችን በንብ ሰም ከአፍሪካ ግንባር ቀደም ናት፣ የንብ ምርምር ማዕከሉም እዚሁ ሆለታ ነው፤ ጥያቄው የቀልድ አይደለም። ሰፈፉን አቅልጠን፣ አጥልለን፣ የተጣለ የመኪና በር ላይ ሞከርነው። ጠዋት አብረቀረቀ። እኩለ ቀን ላይ ተጣበቀ፣ ማታ የአቧራ ብርድ ልብስ ለብሶ አገኘነው። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ጥቁር ኮፈን ደግሞ በፀሐይ ወደዚያ ይጠጋል። የመኪና ሰም ውስጥ የሚገባው ካርናውባ፣ ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚወጣው፣ እስከ 82 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይችላል። ለዚህ ነው ቆርቆሮዋ የምትወደደው። አንዷ ግን ለብዙ መኪና ትበቃለች፣ ምክንያቱም በስሱ ነው የሚቀባው። ወፍራም ሰም ቅቤ አይደለም፣ አናት አያርስም።

አሁን ልጆቹ እንዲህ ያጥባሉ። መኪናው ጥላ ውስጥ ይገባል፣ ኮፈኑ እስኪበርድ ይጠበቃል። ሳይነካ ከላይ ወደ ታች ብዙ ውሃ። ሁለት ባልዲ፦ አንዱ የመኪና ሻምፑ፣ አንዱ ጨርቅ ማለቅለቂያ ንጹሕ ውሃ። ከጣሪያ ተጀምሮ ጎማ አካባቢ ይጨረሳል፣ ለታችኛው የተለየ ጨርቅ። በክብ ማሸት ቀርቷል፣ ቀጥ ቀጥ ብሎ ነው። ጨርቁ መሬት ከወደቀ ለዚያን ቀን ሥራው አለቀ። ከዚያ ወዲያው ማድረቅ። ሰሙ ትንሽ ትንሽ ቦታ እየተከፈለ ይቀባል፣ ነጣ ሲል በንጹሕ ፎጣ ይነሳል፤ ጥቁሩ ፕላስቲክ ላይ አይደርስም፣ ነጭ ሆኖ ይቀራልና። ጎማና አካል በናፍታ ማብረቅረቅንም ትተውታል። ላስቲክ ያበላሻል፣ አቧራ ይስባል፣ የተረፈው ደግሞ ሁሉቃ ገብቶ ከታች ልብስ የሚያጥቡትና ከብት የሚያጠጡት ጋ ይደርሳል።

ጊዜው በእጥፍ ረዘመ፣ ዋጋውም ጨምሯል። መጀመሪያ ደንበኛ ሸሸ፤ "ለውሃና ለሳሙና ይሄ ሁሉ?" እያለ። አንዳንዱ እስካሁን አልተመለሰም። የሚመለሰው ጥር ላይ ነው፣ ሰርግ ሲደርስ፣ የአበባው ፕላስተር ሲላቀቅ ሙጫውን ኮፈኑ ላይ ትቶለት።

ሰም ያስቀባችሁ በየወሩ ውሃ ጣል አድርጋችሁ እዩ። ጠብታው ክብ ሆኖ ከቆመ ሰሙ አለ፤ ተዘርግቶ ከተኛ አልቋል። እዚህ እንደ ፀሐዩ ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። ክረምቱ ሳይገባ አንዴ፣ መስከረም ላይ ጭቃው ሲደርቅ አንዴ ካደረጋችሁ መጥፎ አይደለም።

ልጆቹ ቅዳሜና እሁድ አይጠፉም። ጠዋት ሂዱ፣ ፀሐይ ሳይበረታ። የራሳችሁን ጨርቅና ሳሙና ግን አትያዙ፣ አይቀበሏችሁም።