ቱታዋን ከሻንጣዋ አታውጡባት

ልጃችሁ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ሻንጣዋን የምታዘጋጁበት ቀን ደርሷል እንበል። ጋቢው ገብቷል፤ በሶውና ዳቦ ቆሎው ታስሯል፤ ደብተሩና እስክሪብቶው ተቆጥሯል። ከሥር ግን አንድ ቱታና አንድ የስፖርት ጫማ ታያላችሁ። ብዙዎቻችን በዚህ ጊዜ «የምትሄጂው ለትምህርት ነው ወይስ ለኳስ?» ብለን ቱታውን መዘን እናወጣለን። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» የሚለው ተረትም ወዲያው ይከተላል። ዛሬ ልናወያያችሁ የፈለግነው ስለዚሁ የእናት ሥጋት ነው።

ሥጋቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መግቢያ በተሰጠው የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከተፈተኑት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚህ ጠባብ በር አልፋ የገባች ልጅ ለመመረቅ አማካይ ነጥቧ ከ2.00 መውረድ የለበትም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና ተጨምሯል። እንግዲህ ለልጅዋ ውጤት የምትፈራ እናት አይፈረድባትም።

ነገር ግን ልጅቱ የምትሄድበትን አገር አስቀድመን እንወቀው። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ በፍቼና በገብረ ጉራቻ አልፎ ጎሐ ጽዮን ሲደርስ ዓባይ በረሃ ይጀምራል። መኪናው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ድልድዩን ይሻገርና ያንኑ ያህል ሽቅብ ወጥቶ ደጀን ይገባል። ከዚያ በኋላ የጎጃም ደጋ ነው፤ ጤፍ የሚዘራበት ሜዳ፣ ሉማሜ፣ ቀጥሎም ማርቆስ። በክልሉ ግጭት ከተነሣ ወዲህ ግን መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ፣ ልጅን ከመላክ በፊት ሁኔታውን ጠይቆ መነሣት ያስፈልጋል።

ደብረ ማርቆስ የቀድሞ ስሟ መንቆረር ነው። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መናገሻ የነበረች፣ ስሟን ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ያገኘች ጥንታዊት ከተማ ናት። ከፍታዋ 2,400 ሜትር ያልፋል። በስተ ሰሜን ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጮቄ ተራራ ስላለ ብርዱ የሚናቅ አይደለም። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። አዲስ አበባ ያደገች ልጅ ለውጡ ብዙም አይሰማትም። ከድሬዳዋ ወይም ከጋምቤላ የመጣችዋ ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደረጃ ስትወጣ እንኳ ትንፋሽ ያጥራታል። ይህች ልጅ ሁለት ሦስት ሳምንት ረገብ ብላ በእርምጃ ብትጀምር ሰውነቷ ይለምደዋል።

ይኸው ደጋ ለአገራችን ምን ዓይነት ሴቶችን እንዳፈራ ታስታውሳላችሁ። በነሐሴ 2001 ዓ.ም. በርሊን በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና፣ በ10,000 ሜትር የደብረ ማርቆስ ተወላጅ መሰለች መልካሙ ሁለተኛ ወጣች። ከኬንያዊቷ ሊኔት ማሳይ ያነሰችው በአንድ ዐሥረኛ ሰከንድ ብቻ ነበር። ሦስተኛዋም በጎጃም የተወለደችው ውዴ አያሌው ነበረች። ከሦስቱ ሜዳሊያ ሁለቱ የጎጃም ልጆች ሆነ ማለት ነው።

እውነቱን እንነጋገር፤ ቱታ ይዛ የሄደች ልጅ ሁሉ በርሊን አትደርስም። አብዛኞቹ ሜዳሊያ ሳያዩ መምህርት፣ ነርስ፣ መሐንዲስ ሆነው ይመለሳሉ። የእኛም ጥያቄ ስለ ሜዳሊያ ሳይሆን ስፖርቱ ዲግሪዋን ያስጥላታል ወይስ ያግዛታል የሚል ነው።

ለዚህ አንዲት የውጭ አገር እናት ትመስክርልን። በአሜሪካ አገር በቴነሲ ክፍለ ሀገር በሰው ቤት ሠራተኛነት የምትተዳደር አንዲት እናት ነበረች። ልጅዋ ዊልማ ሩዶልፍ በልጅነት ልምሻ እግሯን ስለመታት፣ እናቲቱ በየሳምንቱ በአውቶቡስ ናሽቪል ከተማ ድረስ ለሕክምና ታመላልሳት ነበር። እቤት ደግሞ ቤተ ሰቡ እየተፈራረቀ በቀን አራት ጊዜ እግሯን ያሽላት ነበር። ያቺ ልጅ የቴነሲ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለች በ1952 ዓ.ም. በሮማ ኦሎምፒክ ሦስት የወርቅ ሜዳሊያ አገኘች። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ባሸነፈበት በዚያው ኦሎምፒክ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የአንዲት ሕፃን እናት ነበረች። በ1955 ዓ.ም. በመምህርነት ትምህርት ዲግሪዋን ያዘች። አሠልጣኟ ኤድ ቴምፕል በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሶስዮሎጂ አስተማሪ ነበሩ። ለኦሎምፒክ ካበቋቸው 40 ሯጮች 39ኙ በዲግሪ ተመርቀዋል። ተረቱ የሚከለክለው ሁለት ዛፍ መውጣትን እንጂ በሁለት እግር መቆምን አይደለም።

አሁን ወደ ጊዜው ሂሳብ እንምጣ። በሳምንት 168 ሰዓት አለ። ልጃችሁ በየቀኑ 8 ሰዓት ብትተኛ 56 ይሆናል። ለክፍልና ለጥናት 60 ሰዓት እንስጣት። ለምግብ፣ ለልብስ አጠባ፣ ለጸሎትና ለልዩ ልዩ ጉዳይ 40 ሰዓት እንያዝላት። አሁንም 12 ሰዓት ይተርፋል። በሳምንት ሦስት ቀን ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ማታ መረብ ኳስ ብትጫወት የሚወስድባት አራት ሰዓት ተኩል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ የሰውነት እንቅስቃሴ ይመክራል፤ እሱም ተሟላ። የጥናት ጊዜን ይበልጥ የሚበላው አልጋ ላይ ተጋድሞ ስልክ መነካካት ነው፤ ለዚያ ግን ከሻንጣዋ የምናወጣው ነገር የለም።

ከሰዓቱም በላይ ሌላ ጉዳይ አለ። ከእናቷ ጉያ ወጥታ 300 ኪሎ ሜትር የራቀች ልጅ የመጀመሪያውን ዓመት የሚከብድባት የሒሳቡ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ብቸኝነቱም ጭምር ነው። ከሰዓት በኋላ «ዛሬ ለምን ቀረሽ?» ብሎ ዶርሟ ድረስ የሚመጣ ቡድን ያላት ልጅ፣ ስትታመም የሚያይላት ሰው አላት። ከበላይ ዓመት ተማሪዎች ጋር ስትጫወት ደብተርም ምክርም ታገኛለች። ማታ ደክሟት ስትተኛ እንቅልፏ ይጠልቃል፤ የተጠናውም የሚጸናው በእንቅልፍ ነው።

እናቶች ማድረግ የምንችለው ምንድን ነው?

አንደኛ፣ ምግቧን እናስብ። የወር አበባ የምታይና ስፖርት የምትሠራ ወጣት የብረት ማዕድን እንዳያጥራት መጠንቀቅ አለባት። ምስር፣ ሥጋ፣ ጎመንና ጤፍ ይረዷታል። ምግብ እንደ በላች ሻይ መጠጣት ግን ሰውነቷ ብረቱን እንዳይወስድ ስለሚያደርግ፣ ሻዩን አንድ ሰዓት ያህል ታቆየው። ድካሙና ማዞሩ ከበዛ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ ደሟን ትመርመር።

ሁለተኛ፣ አስቀድመን እንዋዋል። የፈተና ሳምንት ሲደርስ ጨዋታውን ታሳንሰው እንጂ ጨርሳ አትተወው። ነጥቧ ከወረደ ሳትደብቅ ትንገረን፤ እኛም ሳንቆጣ ሰዓቷን አብረን እንቁጠርላት።

ሦስተኛ፣ ለወረፍት ስትመጣ ወንድሟ ኳስ ሜዳ፣ እሷ ማጀት አይሁን። በጎጃም ደጋ ሴት ልጅ እንስራ ተሸክማ ዳገት ስትወጣ ማንም «ጉልበትሽን አታባክኚ» ብሏት አያውቅም። ይህንን የምንለው ለራሷ ደስታ ስትሮጥ ብቻ መሆኑን እናስተውል።

እንግዲህ ሻንጣው ገና አልተዘጋም። ቱታውን በነበረበት መልሱት፤ ብርዱ ጠንካራ ነውና አንድ ጥንድ ወፍራም ካልሲም ጨምሩበት። ስልክ ስትደውሉላትም ስለ ውጤቷ ከመጠየቃችሁ በፊት «ዛሬ ተጫወትሽ?» በሏት።