በአምቦ በኩል ወደ እስያ

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ ቡራዩን አልፎ ሆለታ ሲደርስ የከተማው ግርግር ይርቃል፤ ግራና ቀኙ የእርሻ ማሳ ይሆናል። አብሮኝ የሚጓዘው የአጎቴ ልጅ ነው። የተወለደው ጉደር ሲሆን፣ የሚኖረው ጀርመን፣ የያዘውም የጀርመን ፓስፖርት ነው። ባለቤቱንና ልጁን ይዞ ዘመድ ሊጠይቅ መጥቷል። ከአምቦ ስንመለስ ደግሞ ከቦሌ ተነስተው ወደ ባንኮክ ይበራሉ። አውሮፓ፣ ምዕራብ ሸዋ፣ እስያ፦ በአንድ ጉዞ ሦስት ዓይነት ድንበር ማለፍ ማለት ነው። መንገድ ላይ በብዛት የተጨዋወትነውም ስለዚሁ ነበር።

አዲስ ዓለም ላይ ወርደን የማርያምን ቤተ ክርስቲያን ጎበኘን። ዐፄ ምኒልክ በአዲስ አበባ የማገዶ እንጨት ሲያልቅ መናገሻቸውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው፣ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ሲታደጋት ሐሳቡ ቀረ፤ ሥፍራው ለማርያም ተሰጠ። ጀርመናዊቷ ልጁ ለአባቷ አገር ታሪክ ያሳየችው ጉጉት ደስ ያሰኛል።

እነሱ ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በኢ-ቪዛ ነው። ኢትዮጵያ ይህን አሠራር ለሁሉም አገር ዜጎች የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ማመልከቻው በኦንላይን ይሞላል፤ ጉርድ ፎቶና የፓስፖርቱ የመረጃ ገጽ ይያያዛል፤ ፓስፖርቱ ከመግቢያው ቀን ጀምሮ ቢያንስ ለ6 ወር የሚያገለግል መሆን አለበት። ሕፃንም ቢሆን የራሱን ማመልከቻ ይፈልጋል። የአጎቴ ልጅ ግን ሌላም መንገድ አለው። ሕጋችን ጥምር ዜግነትን ስለማይፈቅድ፣ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ተፈቅዷል። ይህን የያዘ ሰው ወደ ትውልድ አገሩ ያለ ቪዛ ይገባል። በየዓመቱ ለሚመላለስ ሰው ይህ መታወቂያ የሚገባው ክብር ነው፤ እስካሁን ያላወጣችሁ አውጡት እላለሁ።

ኦሎንኮሚንና ጊንጪን አልፈን አምቦ ገባን። አምቦ፣ በንጉሡ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችው፣ ዛሬም በውሃዋ ትታወቃለች። ማዕድን ውሃዋ ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየታሸገ በየአገሩ ይጠጣል። የፍል ውሃ መዋኛው ደግሞ የልጅቷ ደስታ ሆነ። በማግስቱ ወደ ወሊሶ በሚያወጣው መንገድ ወደ ወንጪ ሐይቅ ወጣን። የወንጪን መንደር የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሏታል።

ማታ አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ሳለ የእስያው ጉዳይ ተነሣ። አክስቴ የክትባት ካርዳቸውን ጠረጴዛ ላይ አይታ፣ «ልጄ፣ ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው?» አለችው። «የቢጫ ወባ ነው፣ አክስቴ። ከእናንተ ዘንድ ወጥተን ታይላንድ ስንደርስ ይጠይቁናል» አላት። ምክንያቱ መታወቅ አለበት። ቢጫ ወባ የአፍሪካና የደቡብ አሜሪካ በሽታ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ በተነሣው ወረርሽኝ ወደ 30,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በጉራጌ ዞን ታይቷል። በእስያ አስተላላፊዋ ትንኝ አለች፤ በሽታው ግን እስካሁን ሥር አልሰደደም። ስለዚህ ታይላንድ፣ ህንድ፣ ሲንጋፖርና ሌሎችም በሽታው ካለበት አገር የሚመጣውን ሰው የክትባት ካርድ ይጠይቃሉ። የሚያዩት የፓስፖርቱን ቀለም ሳይሆን የመጣበትን አገር ነው። ጀርመናዊም ቢሆን ከኢትዮጵያ ተነሥቶ ከሄደ ይመለከተዋል።

ብዙዎች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። ከአውሮፓ በቀጥታ ወደ ቦሌ የሚመጣውን ሰው ኢትዮጵያ ይህን ካርድ አትጠይቀውም። ስለዚህ ማንም አያስታውሰውም፤ ነገሩን የሚሰማው ወደ ባንኮክ ሊሳፈር ሲሰለፍ ነው። ክትባቱ ደግሞ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ በመሆኑ ያኔ መሮጥ አይረዳም። መልካሙ ዜና፣ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 ወዲህ አንድ ጊዜ የተወጋ ሰው ካርዱ ዕድሜ ልኩን ያገለግላል። የአጎቴ ልጅ ባለቤት ሁሉንም ከጀርመን ሳይወጡ አስከትባለች፤ ጥንቃቄዋን አደንቃለሁ።

ከዚያ ወደ ታይላንድ ዲጂታል የመግቢያ ቅጽ ሄድን። ታይላንድ ከግንቦት 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀድሞ በአውሮፕላን ውስጥ ይታደል በነበረው ወረቀት ፈንታ፣ የውጭ ዜጋ ሁሉ የመግቢያ ካርዱን በኦንላይን እንዲሞላ አድርጋለች። የሚሞላው ከመድረሻው ቀን በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ ነው፤ ክፍያ የለውም። የፓስፖርት ቁጥር፣ የበረራ ቁጥር፣ የሚያርፉበት አድራሻ ይጠየቃል፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት የቆዩባቸው አገሮችም ይጠቀሳሉ። ኢትዮጵያ እዚያ ላይ በግልጽ ትጻፋለች፤ የክትባቱ ጉዳይም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ሲጨርሱ የሚደርሳቸው ኪውአር ኮድ ስልክ ላይ ይቀመጣል፤ እኛ ግን አምቦ ከተማ በወረቀትም አሳተምነው፤ ባትሪ ያልቃልና። ገንዘብ የሚጠይቁ አስመሳይ ድረ ገጾች ስላሉ፣ የአገሩ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ራሱ ያወጣውን ብቻ መጠቀም ይገባል። ይህ ካርድ ቪዛም አይደለም፤ ቪዛ የሚያስፈልገው ሰው ቪዛውን ለብቻው ማውጣት አለበት። ሲንጋፖርና ማሌዥያም ተመሳሳይ ካርድ አላቸው።

ከመመለሳችን በፊት ጉደር ወርደን የልጅነት ሰፈሩን አየን። ጎረቤቶች «አካም ጅርቱ» እያሉ እየተቃቀፉ ተቀበሉት። ያ ሁሉ ወረቀት ተሟልቶ ስለነበር ጊዜው ለሰው ተረፈ። ከውጭ ዘመድ የምትጠብቁ አንባቢዎች ሆይ፣ ትኬት ከመግዛቱ በፊት ደውሉለት፤ ፓስፖርቱ ስንት ወር እንደቀረው፣ ከኢትዮጵያ ወዴት እንደሚቀጥል፣ የቢጫ ወባ ክትባት እንዳለው ጠይቁት። ወደ እስያ የሚያልፍ ከሆነ ክትባቱን ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ይወጋ፤ ቅጹንም በመጨረሻዎቹ 3 ቀናት ይሙላ።