ስልክ ይዞ የተቀመጠ ተማሪ



በሀገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ብዙም ሳይቆይ ትምህርት ተቋረጠ፤ እኛም ከደብረ ማርቆስ ወደ ብቸና፣ ወደ ሞጣ፣ ወደ ደጀን፣ ወደየቤታችን ተበተንን። መምህራኖቻችንም የሚነበበውን በቴሌግራም ይልኩልን ጀመር።

ግቢ ሳለን የሀብታሙም የድሃውም ልጅ የሚያነበው በአንድ ቤተ መጻሕፍት፣ በአንድ መብራት ነበር። ቤት ስንገባ ግን ትምህርቱ አንድ ሆኖ ሳለ ቤቱ ተለያየ። ከፊላችን የአባታችን ሱቅ ቆመን አንዱ ገዢ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ሁለት ሦስት መስመር እናነባለን። ከፊላችን ኔትወርክ ፍለጋ ዳገት እንወጣለን። ሚያዝያ 16 ረመዳን ሲገባ ደግሞ እህቶቻችን ከዐስር ሶላት በኋላ ለኢፍጧር ዝግጅት ማጀት ናቸው።

ከሁሉ የከበደን ግን ሌላ ነው። በቤታችን ዓይን ደብተር የያዘ ልጅ ያጠናል፤ ስልክ የያዘ ልጅ ይጫወታል። ፋይሉን ከፍተን አንድ ገጽ ሳንጨርስ “እሱን አስቀምጥና ና ተላክ” ይመጣል። በወላጆቻችን አይፈረድም፤ ስልክ ለትምህርት ሲውል የት አይተው?

ዘዴውን ያገኘችው አንዲት እህታችን ናት። ፈጅር ሰግዳ፣ ቤተሰቡ ተመልሶ ሲተኛ፣ የተላከውን ከስልኳ ወደ ደብተር ትገለብጥ ነበር። ቀን ደብተሯን ዘርግታ ስትቀመጥ እናቷ ራሳቸው ታናናሾቿን “ተዉአት፣ እያጠናች ነው” ማለት ጀመሩ። ሰኔ 23 ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቆይም ደብተሩ እጇ ላይ ነበር፤ የሰፈሯ ተማሪዎች ከእሷ ገለበጡ።

ትምህርት በስልክ የሚላክበት ጊዜ ዛሬም አልቀረም። የክፍል ተጠሪ የሆናችሁ፣ “ፋይሉ ደረሳችሁ ወይ?” ከማለት አልፋችሁ “የምታነቡበት ቦታና ሰዓት አላችሁ ወይ?” ብላችሁ ጠይቁ። ሁላችንም ለእረፍት ስንሄድ ትምህርቱን ከስልካችን ለወላጆቻችን እናሳያቸው፤ የጥናቱን ሰዓት ከእነሱ ጋር እንወስን። እነሱ ካወቁት፣ ኢንሻአላህ፣ ሰዓቱን የሚጠብቁልን እነሱ ናቸው።