መቶ አለቃው ፕሬዚዳንት፤ ከአርባ ምንጭ ሲታወሱ

በሀገራችን ሥልጣን ላይ የወጣ ወታደር ማዕረጉም አብሮት ይወጣል። መቶ አለቃ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ግን ከዚህ ልማድ ውጭ ነበሩ። ከመስከረም 1994 እስከ መስከረም 2006 ዓ.ም. ድረስ ለአሥራ ሁለት ዓመታት የርእሰ ብሔርነቱን መንበር ይዘዋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 71 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲያቀርቡላቸው ለጦር መኮንኖች ከፍተኛ ማዕረግ የሚሰጡት እርሳቸው ነበሩ። ራሳቸው ግን ታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. እስካረፉባት ዕለት ድረስ «መቶ አለቃ» ተብለው ተጠሩ። የጄኔራሎችን ትከሻ በኮከብ ያስጌጠ መቶ አለቃ በታሪካችን ሌላ ማን አለ?

አየር ኃይል ሲባል በብዙዎቻችን ዓይን የሚመጣው ተዋጊ አውሮፕላን የሚያበረው ጀግና ነው። በ1917 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተወለዱት ግርማ ከጠላት ወረራ በኋላ በጦር ሠራዊቱ የሬዲዮ መገናኛ ሥራ ጀመሩ፤ ከገነት ጦር ትምህርት ቤት በመኮንንነት ተመርቀውም ወደ አየር ኃይል ተዛወሩ። የተካኑበት ሙያ የአየር ጉዞ አቅጣጫና የበረራ ቁጥጥር ነበር። የበረራ ተቆጣጣሪ አያበርም። የትኛው አውሮፕላን በየትኛው ከፍታ እንደሚሄድ፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚያርፍ፣ የትኛው ተራውን እንደሚጠብቅ በድምፁ ብቻ ይወስናል። ሥራው የሰመረ ዕለት ማንም ስሙን አያነሣም፤ አንድ ጊዜ ዝም ያለ ዕለት ግን ሰማይ ላይ ግጭት ይሆናል። ይህን ሙያ ይዘው ነው ወደ ሕዝብ አገልግሎት ተሻግረው የኤርትራን፣ ቀጥሎም የመላ ኢትዮጵያን ሲቪል አቪዬሽን የመሩት።

በ1953 ዓ.ም. ፓርላማ ገብተው የሕግ መምሪያው ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። በደርግ ዘመን በኤርትራ ጉዳይ የሰላም ጥረት ውስጥ ሠሩ፤ ቀይ መስቀልንም በአሥመራ አገለገሉ። ከለውጡ በኋላ ለአካባቢ ጥበቃ የቆመውን «ለም ኢትዮጵያ»ን ከመሠረቱት አንዱ ነበሩ። በ1992ቱ ምርጫም በግል ተወዳድረው እንደገና ፓርላማ ገቡ። ሦስት መንግሥታት ሲፈራረቁ የእርሳቸው አገልግሎት አልተቋረጠም።

በዚህች በአርባ ምንጭ ስለ እርሳቸው ሲነሣ ከወጣቶች አዘውትሬ የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ለመሆኑ ምን ሠሩ?» የሚል። ንጉሡን፣ ደርግን፣ ኢሕአዴግን ያገለገለ ሰው ከነፋሱ ጋር የሚዞር ነው የሚሉም አሉ። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ሙያተኛው ሁሉ ይጠረግ ቢባል አውሮፕላኖቻችንን ማን ያሳርፋቸዋል? እኛ ኢትዮጵያውያን ባለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ከማንም በላይ የተጎዳነው አዲሱ ሁሉ የቀድሞውን ከሥሩ እየነቀለ ስለጀመረ ነው።

ይሁን እንጂ የወጣቶቹ ጥያቄ መልስ ይገባዋል። በጥቅምት 2004 ዓ.ም. ከዚሁ ከአባያ ሐይቅ ዳርቻ፣ ከአርባ ምንጭ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የአሜሪካ ሰው አልባ አውሮፕላኖች ወደ ሶማሊያ ለቅኝት እንደሚበሩ የውጭ ጋዜጦች አወሩ። እኛ የከተማዋ ነዋሪዎች የራሳችንን ሰማይ ዜና ከባዕድ አፍ ሰማን። የበረራው ጣቢያ በ2008 ዓ.ም. መዘጋቱንም የሰማነው በዚያው መንገድ ነው። ያን ጊዜ በርእሰ ብሔርነቱ መንበር ላይ የነበሩት ዕድሜያቸውን በበረራ ቁጥጥር የጀመሩ ሰው መሆናቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሕገ መንግሥቱ የጦር ኃይሎችን ጠቅላይ አዛዥነት ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰጥቷል፤ ለፕሬዚዳንቱ የተረፈው ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ ማወጅ፣ አምባሳደር መቀበል፣ ሜዳይ መስጠትና ይቅርታ ማድረግ ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የታሰሩት የቅንጅት መሪዎች በሐምሌ 1999 ዓ.ም. ከእስር የወጡት በእርሳቸው ፊርማ ቢሆንም፣ ውሳኔው ከየት እንደመጣ የማያውቅ አልነበረም።

ታዲያ ሥልጣን የሌለው ሰው ምን ማድረግ ይችላል? መልሱን ከጋሞ ሽማግሌዎች ተምሬአለሁ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ብዙ የጋሞ ተወላጆች ተገድለውና ተፈናቅለው ወሬው እዚህ ሲደርስ፣ የተቆጣው ወጣት ለበቀል ወጣ። ሽማግሌዎቹ ጦርም ፖሊስም ይዘው አልመጡም። እርጥብ ሣር ይዘው ከፊቱ ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል ሣር የያዘን ሽማግሌ ተሻግሮ ማለፍ ነውር ነው፤ ወጣቱም ተመለሰ። የእነዚያን አባቶች ሥልጣን የሚዘረዝር አንቀጽ በየትኛውም ሕግ ውስጥ የለም። በጋሞ ደጋ የሚሾመው ሀላቃም ቢሆን የዱቡሻው ጉባኤ አገልጋይ እንጂ አዛዥ አይደለም፤ ለሹመቱ ድግስ የራሱን ሀብት ያወጣል፤ ክብሩም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ከዚህ አንጻር ስመዝናቸው በመቶ አለቃ ግርማ ላይ ያለኝ ቅሬታ ስለ ሥልጣናቸው አይደለም። አጣሪ ኮሚሽኑ እንደገለጸው 193 ሰላማዊ ሰዎች በሞቱበት በዚያ ክፉ ዓመት እኔ ከቤተ መንግሥቱ የጠበቅሁት ትእዛዝ አልነበረም፤ ሣር የያዘ አባት ድምፅ ነበር። የበረራ ተቆጣጣሪ መሪውን ባይጨብጥም «ቁም፣ ትጋጫለህ» ማለት ግን የሙያው ግዴታ ነው። ይህ ቅሬታ የሠሩትን አይሰርዝም። በዘር፣ በቋንቋና በፓርቲ በተሰነጠቀ ዘመን በበርካታ ቋንቋዎች ከሕዝባቸው ጋር የተነጋገሩ፣ በማዕረግ ያልተመጻደቁ፣ ዕድሜያቸውን በመንግሥትና በሕዝብ ሥራ የጨረሱ ሰው ነበሩ።

ውድ አንባቢያን፣ ያ መንበር ከእርሳቸው በኋላም ሰው ተቀያይሮበታል፤ የተጻፈለት አንቀጽ ግን ያው ነው። የሚቀመጥበት ሁሉ ዐቅሙ ከሕጉ እንዳልተሰጠው ሲነግረን፣ የመስከረም 2011ዱን የአርባ ምንጭ ጎዳና እናስታውሰው። መቶ አለቃውን ነፍስ ይማር።